«ሁለት መስመር አላችሁ፣ አትጨነቁ» ለሚሏችሁ ሻጮች ከመፈረማችሁ በፊት

የራሳችሁን ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ ልብ በሉ። «አንዱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሌላው ወዲያው ይተካል» እየተባለ የሚሸጠው ባለሁለት መስመር ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚሄደው ትራፊክ ብቻ ነው። ሠራተኛው ኢሜይሉን መክፈቱን ይቀጥላል፣ ድረ ገጻችሁን የሚፈልገው ደንበኛ ግን አያገኛችሁም። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ፣ ማለትም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት) ላይ የተመዘገበው አይፒ የመጀመሪያው አቅራቢ አድራሻ ስለሆነ መስመሩ ሲጠፋ አድራሻውም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው መስመር የሞባይል ኔትወርክ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ራውተሩ በውጭ በኩል ያገኘውን አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ አንዱን አይፒ ከብዙ ሰው ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው፤ ከውጭ በቀጥታ የሚደርስባችሁ የለም። ይህን ለሰርቨር መጠባበቂያ ብሎ ማስከፈል ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው።

«ሲቋረጥ ዲኤንኤሱን እንቀይራለን» ካሏችሁ ቲቲኤሉ፣ ማለትም ሌሎች የዲኤንኤሱን መልስ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ፣ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። 86400 ሰከንድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ እስከ አንድ ሙሉ ቀን በየቦታው ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፤ ወደ 60 ወይም 300 መውረድ ያለበት መስመሩ ደህና ሳለ ነው። ዲኤንኤሱን የያዙት የስም ሰርቨሮችም ሆኑ መቋረጡን የሚከታተለው ፕሮግራም ከሁለቱም መስመሮች ውጭ ይቀመጡ። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ አድራሻ የየራሱ የራውቲንግ ሰንጠረዥ (ትራፊኩ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስን ዝርዝር) ያስፈልጋል። በሁለተኛው መስመር ለገባ ጥያቄ መልሱ በመጀመሪያው ከወጣ፣ ያኛው አቅራቢ የእሱ ያልሆነ የምንጭ አድራሻ ሲያይ ፓኬቱን ሊጥለው ይችላል።

አድራሻው ሳይቀየር እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ መንገዱ ቢጂፒ ነው፤ ኔትወርኮች የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚገኝ የሚነጋገሩበት ደንብ ማለት ነው። የራሳችሁ ኤኤስ ቁጥር (ኔትወርካችሁን በኢንተርኔት ላይ የሚለይ ቁጥር) እና ቢያንስ ስላሽ 24፣ ማለትም 256 የአይፒቪ4 አድራሻ ያስፈልጋችኋል፤ ከዚያ ያነሰውን አብዛኞቹ ኔትወርኮች አይቀበሉም። ሻጮቹ ከ64512 እስከ 65534 ያለ የግል (በኢንተርኔት ላይ የማያገለግል) ኤኤስ ቁጥር ሰጥተው በራሳቸው አድራሻ ላይ «ቢጂፒ አለን» ካሉ፣ ከዚያው አቅራቢ ሁለት ገመድ መግዛታችሁ ነው።

ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ቢሆኑም እንኳ ፋይበሩ በአንድ ቱቦ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይበጥሳል። የገመዱ መንገድ ካርታ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ትራፊክ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝረው ትሬስራውት ይህን አያሳይም።

ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት የመጀመሪያውን ገመድ ንቀሉና ዋይፋዩን ባጠፋችሁት ስልክ ድረ ገጹን ክፈቱ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ገመዱ እንደተሰካ፣ ችግሩ ከአቅራቢው ወዲያ ሲሆንም ሞክሩ። ብዙ ራውተር የሚያየው ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ መብራት ወይም ቅርቡን ጌትዌይ (የአቅራቢውን የመጀመሪያ መውጫ) ብቻ ስለሆነ መስመሩ ሞቶም «ደህና ነው» ይላል። የራውተሩ ፒንግ (መስመሩ መኖሩን የሚሞክር አጭር መልእክት) ሩቅ ወዳሉ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ይሁን። በውሉ ላይም መቋረጥ የሚለካው ከውጭ ወደ ሰርቨሩ በሚደርስ ጥያቄ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።