የክዳን ዋጋ የማታውቅ ኬሚስት

ባለፈው ክረምት ስድስት ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ነበርኩ። የከፈልኩት 6,500 ብር ነው። ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ለኬሚስትሪ ባለሙያዎች የሥራ ዕድገትና የራስ ቢዝነስ ሥልጠና ይላል። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ማመስገን ብቻ ሳይሆን መውቀስም ስላለብኝ ነው። መሄድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እኔ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ኳሊቲ ኮንትሮል ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ግማሽ ቀኔ ፎርድ ካፕ የምትባለውን የቀለም ውፍረት መለኪያ ኩባያ ይዤ ቀለሙ በቀዳዳዋ ፈስሶ እስኪቋረጥ ሰከንድ ስቆጥር ያልፋል። ደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለታክሲ ይተርፋል። የራሴን ነገር ልጀምር ካልኩ ቆይቻለሁ። ፈሳሽ ሳሙና። አዎ፣ እንደ ሁሉም ሰው።

ቦታው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሕንፃ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ስድስቱንም ሳምንት አልሠራም። ዲግሪዬን ከያዝኩበት ሳይንስ ፋካልቲ በእግር ቅርብ ነው። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ትንሽ እፍረት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። ያኔ ስንመረቅ ሁላችንም ፋብሪካ የምንከፍት ነበር የሚመስለን።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ባልሄድበት አይቆጨኝም ነበር። በሱፍ ላይ ነጭ ስኒከር ያደረገ ወጣት ሁለት ሰዓት ሙሉ «አስተሳሰባችሁን ቀይሩ» አለን። ከኋላዬ አንዱ «እኔ መቀየር የፈለግኩት ደመወዜን ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ አንድ ጥሩ ነገር አነሳ፤ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ አረፋው የሚወርድበት ውሃ ላይ ዶክተሩ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው። «አያችሁ፣ ሐሳብ መንገድ ላይ ነው ያለው» አለን ልጁ። ያልነገረን፣ ዓለም ያንን ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ በሚባለው ሽልማት ያከበረው በ1989 መሆኑን ነው። 25 ዓመት። እኛን በስድስት ቅዳሜ ሊጨርሱን ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ስለ ሲቪና ሊንክድኢን ነበር። አንድ ነገር ወስጃለሁ። «ቲትሬሽን እሠራለሁ» ብሎ መጻፍ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም፤ በአንቺ ምክንያት ስንት ባች ከመመለስ ዳነ የሚለውን ጻፊ አሉኝ። ማታ ቤት ገብቼ የድሮ መዝገቤን ስገላብጥ አመሸሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ነው ሥልጠናው። በቡድን ተከፋፍለን ፈሳሽ ሳሙና ሠራን። ሰልፎኒክ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አረፋ የሚሰጠው ቴክሳፖን፣ ጨው፣ ቀለም፣ ሽቶ። ገና ሲጀመር ረዳቱ ልጅ ባልዲ ውስጥ የተቀመጠው ኮስቲክ ላይ ውሃ ሊደፋ ጆግ አነሳ። «አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ኮስቲክ ነው ቀስ እያለ ወደ ውሃ የሚጨመረው። ውሃ ከላይ ከተደፋበት ይፈላል፣ ይረጫል። ዓይን ላይ ካረፈ ደግሞ ቀልድ የለውም። መነጽር አልነበረም። ለ23 ሰው ሁለት ጥንድ ጓንት። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ዝናብ ይገባል ብለው። ለኬሚስት በተዘጋጀ ሥልጠና! ይሄ ትልቁ ወቀሳዬ ነው።

ስሌቱን እንኳ ደብተሬ ላይ ሠርቼ ነው የገባሁት። 96 በመቶ የሆነ አንድ ኪሎ ሰልፎኒክ አሲድ ወደ 120 ግራም ኮስቲክ ይፈልጋል። ፒኤቹ በመጀመሪያው ሙከራ ሰባት ላይ አረፈ፤ አሲዱም ኮስቲኩም አልበዛም ማለት ነው። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ጨው ላይ ደረስኩ። ትንሽ ጨመርኩ፣ ሳሙናው ወፈር አለ። ደግሜ ጨመርኩ፣ ማር መሰለ። አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም ብዬ እፍኝ ጣል ሳደርግ ውሃ ሆነ። እንዲያው ዓይኔ እያየ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ጨው ሲገባ ማይሴሎቹ፣ ማለትም የሳሙናው ሞለኪውሎች ተሰባስበው የሚሠሯቸው ጥቃቅን እሽጎች፣ ረዝመው ይጠላለፋሉ፣ ሳሙናው ይወፍራል። ልኩን ካለፈ ግን መጠላለፉ ይፈታል። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ባልዲው ግን ፈተና አያርምም።

አሠልጣኟ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ኬሚስትሪ አልተማሩም። ሳሙና ሲሠሩና ሲሸጡ ግን ዓመታት ቆጥረዋል። መጥተው ጣታቸውን ነከሩና አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ወጥ ሠርተሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እንግዲህ ጨው ከገባ አይወጣም።»

ጨው ያልገባበትን የሌላ ቡድን ሳሙና በጆግ እየቀዱ እየጨመሩ መልሰው አወፈሩልኝ። ያንን ሳሙና አሁንም ቤት እጠቀምበታለሁ።

አራተኛውም ሳምንት የእሳቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የ750 ሚሊ ጠርሙስ አስቀመጡ። «ስንት ነው?» አሉ። ጸጥ። «ክዳኑስ?» ጸጥ። «በላዩ የሚለጠፈውስ? ካርቶኑስ? ከመርካቶ የሚያመጣው ሰውስ?» የመድኃኒት ፋብሪካ ሰው ነበር፣ የውሃ ላብራቶሪ ሰው ነበር፣ አንድ ማስተርስ ያለው መምህርም ነበር። አንዳችንም የክዳን ዋጋ አናውቅም። አንድ በአንድ አስጻፉን። የእኔ ሒሳብ ላይ ጠርሙሱ፣ ክዳኑና ሌብሉ ተደምረው ውስጡ ካለው ሳሙና በለጡ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የተጨነቅኩት ስለ ውስጡ ነው።

ሁለተኛ ያስጻፉን ነገር ቀን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እሳቸው ዋጋ ሲጠይቁም ሲሰጡም ከጎኑ ቀን ይጽፋሉ፤ «ለሦስት ቀን ብቻ» ይላሉ። ሦስተኛው ዱቤ ነው። ሱቁ ሳሙናውን ዛሬ ይወስዳል፣ ብሩን በወሩ ይሰጣል፣ ሰልፎኒኩን የሸጠሽ ሰውዬ ግን ዛሬ ነው የሚፈልገው። ይሄኔ መብራት ጠፋ። እሳቸው አላቋረጡም።

አምስተኛው ሳምንት ጠበቃ መጣ፣ እሱም ጥሩ ነበር። በ2013 በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ለስም የሚሆን ሸሪክ ሲፈልጉ የነበሩ ሦስት ሰዎች እዚያው ተነፈሱ። እኔ ስለ ሳኒታይዘር ጠየቅኩ። በኮሮና ጊዜ ለፋብሪካችን ሠራተኞች በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የምቀምመው እኔ ነበርኩ። ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ግሊሰሪን፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጠበቃው ፈገግ ብሎ «ማወቅሽ ፈቃድ አይደለም፤ መጀመሪያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሂጂና ጠይቂ» አለኝ። ፋብሪካ ውስጥ የሠራሁትን የቀለም ቀመር ይዤ መውጣት እችል እንደሆነም ጠየቅኩት። የሥራ ውልሽን አንብቢ አለ። አነበብኩት። አልችልም።

ስድስተኛው ሰርተፊኬትና ፎቶ ነው። የእኔ ሰርተፊኬት ላይ የሌላ ሥልጠና ስም ታትሞበታል። «ሰኞ ይስተካከላል» ካሉኝ ስንት ሰኞ አለፈ።

ዋጋው ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ ከ6,500ው አራት ሺው የእትዬ ነው። አንድ ሺው የጠበቃው። ቀሪውን የስኒከሩ ልጅ ይመልስልኝ። የምትሄዱ ከሆነ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቅዳሜ እንዳትቀሩ፣ መነጽርና ጓንት ከቤት ያዙ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

ከሥልጠናው በኋላ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ከፒያሳ በታክሲ መርካቶ ወረድኩ። የፕላስቲክ ሱቅ ገብቼ የ750 ጠርሙስ ዋጋ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ቀና ሳይል «ስንት ሺ ፍሬ?» አለኝ። ሁለት መቶ ስለው ቀና አለ። ጥቂት ተከራክረን ሸጠልኝ። ማዳበሪያውን ተሸክሜ ልወጣ ስል ጠራኝ።

«እህት፣ ክዳን አትወስጂም? ለብቻው ነው የሚሸጠው።»

ዋጋውን ከነቀኑ ጻፍኩት።