ምስጋና ወደ ጅሬን መውጫ ላሉት ጎረቤቶቻችን፣ ቡችላ ለምትፈልጉም ጥቆማ

የጅማ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ስማችንን እንዳትጠሪ ብለው ለምነውኛልና ስም አልጠራም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ የሚኖሩ አንድ ቤተሰብ አሉ። የተጣሉ ቡችሎችን አንስተው፣ አሳክመው፣ አሳድገው ቤት ይፈልጉላቸዋል። ሳንቲም አይቀበሉም። እስካሁን 11 ቡችላ በዚያ ግቢ አልፏል። የመጨረሻው እኛ ቤት ነው ያለው፤ ልጄ ቡኒ ብሎታል።

የዛሬ 2 ዓመት ልጄን ሰፈር ውስጥ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቱን ነከሰው። ይዤው የሮጥኩበት ቦታ ቁስሉን በፋሻ ሸፍነው ሰደዱኝ። የዚያ ቤተሰብ እናት እትዬ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) በር ላይ አዩንና ፋሻውን ፈቱት። ልጁን ቧንቧ ስር አስቀምጠው፣ ሰዓታቸውን እያዩ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና አጠቡለት። «የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ዛሬውኑ ይጀመር» አሉኝ። ክትባቱን ፍለጋም አብረውኝ ዞሩ። ዛሬ ልጄ ደህና ነው። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም።

ቁስሉ ዳነ፣ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ውሻ ካየ መንገድ ይቀይራል፣ ሌሊት ይባንናል።

ባለፈው ክረምት እትዬና ልጆቻቸው አዌቱ ወንዝ አጠገብ ቱቦ ውስጥ አንድ ቡችላ የሚያክል ነገር አገኙ፤ ጭቃ ብቻ ነበር አሉ። ቡኒ ማለት እሱ ነው። በዘይት ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ነው ያሳደሩት። ሁለተኛው ልጃቸው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ይማራል፤ ሆዱን ዳሰሰና ትል እንዳለበት ነገራቸው። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደው የትል መድኃኒት አሰጡት፣ እከኩንም አሳከሙት። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባቱን ተከተበ። ወረቀቱ አለን፤ በየዓመቱ የሚደገምበት ቀን ተጽፎበታል።

ይህን ሥራ ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ስለ ትልቋ ልጃቸው አጫወቱኝ። አሜሪካ ነው የምትኖረው። እሷና ባሏ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ለሚያሰለጥን ድርጅት በፈቃደኝነት ቡችላ ያሳድጋሉ። ቡችላውን 2 ወር ገደማ ሲሆነው ይረከባሉ። ከዚያ አውቶቡስ ማሳፈር፣ የገበያ ጫጫታ ማለማመድ፣ ሰው ላይ እንዳይዘል ማስተማር የእነሱ ድርሻ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ አብሯቸው ከቆየ በኋላ ለዋናው ስልጠና ይመልሱታል። እየወደዱ አሳድጎ መስጠት! እትዬ «ልጄ እዚያ ካደረገችው እኛ እዚህ ምን ይከለክለናል?» ብለው ጀመሩ።

ልጄን ያሸነፈውም የእሷ ወሬ ነው። በስልክ ስታወራው፣ መሪ ውሻ «ሂድ» ቢባልም እንኳ መኪና እየመጣ ከሆነ እንደማይራመድ ነገረችው። ትዕዛዙን እምቢ ብሎ ሰውየውን ያድነዋል። ልጄ ስልኩን እንደያዘ ዝም አለ። ከዚያ «ማሚ፣ ቡችላውን ልየው?» አለኝ።

ማንም አልገፋውም። የመጀመሪያው ቀን በረንዳው ላይ ብቻ ተቀመጠ። እትዬ «ዓይኑን አትየው፣ ራሱ ይምጣ» አሉት። በአራተኛው ቀን ቡኒ መጥቶ ጫማውን አሸተተው። ልጄ እግሩን አልሰበሰበም። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አለቀስኩ።

እንዲሁ ግን አልሰጡንም። የእትዬ ባለቤት ጋሼ ቤታችን መጥተው አጥሩን ዞረው አዩ፣ ማደሪያውን ጠየቁ። ሦስት ነገር አስጠነቀቁን። ወጥ አትስጡት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳዋል አሉ። የቡና አተላ ደጃፍ አትድፉ፣ ቡና ለውሻ መርዝ ነው (እዚህ ጅማ ይህን ማን ያስባል?)። ሦስተኛው፣ ካልተስማማችሁ መንገድ ላይ አትጣሉት፣ ለእኛ መልሱ። ሲሰጡን ትንሿ ልጃቸው ካርቶኑን አቅፋ አልለቅም አለች። አሁን በየሳምንቱ ትጠይቀዋለች።

ሰፈሩም ያግዛቸዋል። ባለ ሥጋ ቤቱ ጎረቤታቸው ውሻ ቤቱ አያስገባም፣ ሃይማኖቱ ነው፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥራጭ ሥጋ ሳይልክላቸው ቀርቶ አያውቅም።

አሁን ሁለት እህትማማች ቡችሎች እጃቸው ላይ አሉ። ቤት ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የቤት ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። መውሰድ ባትችሉም ሩዝ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ የክትባት ወጪ ያግዛቸዋል። ቡችላ ለመጣል ያሰባችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

እትዬ፣ ጋሼ፣ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሑድ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ፣ እንዳትቀሩ። ቡኒም ድምጻችሁን ለይቶ ያውቃል፤ ገና በሩ ሳይንኳኳ ነው ሮጦ የሚወጣው።