በአንጉላር ሰብስክሪፕሽን መዝጊያ መንገዶች ሲነጻጸሩ፦ የትኛው ለየትኛው ኮድ?

በአንጉላር (የድረ ገጽ መተግበሪያ መሥሪያ ፍሬምወርክ) የተሠራ፣ የትዕዛዝን ሁኔታ በየ5 ሰከንዱ ከሰርቨር የሚጠይቅ ገጽ እንውሰድ። ተጠቃሚው ከፍቶ ይወጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሰብስክሪፕሽኑ (ከዳታ ምንጩ የሚመጣውን ለመስማት የተከፈተው ግንኙነት) ካልተዘጋ፣ ገጹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት የብራውዘሩ ኔትወርክ ታብ በየ5 ሰከንዱ ሦስት ጥያቄ ያሳያል። ኮምፖነንቱ (የገጹ የኮድ ክፍል) ከስክሪኑ ጠፍቷል፤ ኢንተርቫሉ (በየ5 ሰከንዱ የሚመታው ቆጣሪ) ግን ኮልባኩን (ዳታ ሲመጣ የሚጠራውን ፈንክሽን) ይዟል፣ ኮልባኩ ደግሞ ኮምፖነንቱን። በዚህ ምክንያት ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልግ ሜሞሪ የሚያጸዳው) አያነሳውም።

በእጅ አንሰብስክራይብ ማድረግ። በሁሉም ቨርዥን ይሠራል፤ ግን ይረሳል፣ ያልተጻፈ መስመር ደግሞ ኮድ ሪቪው ላይም በቀላሉ አይታይም። እኔ የማስቀረው ገጹ ክፍት እያለ ማቆም ለሚፈለግበት ቦታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «አቁም» የሚል በተን ካለ።

ቴክ አንቲል ከሳብጀክት ጋር። ኮምፖነንቱ ሲጠፋ ሳብጀክቱ ምልክት ይልካል፣ ቴክ አንቲልም ስትሪሙን (የዳታ ፍሰቱን) ይዘጋል። ከአንጉላር 16 በታች ላሉ ፕሮጀክቶች ጥሩ ምርጫ ነው። ቦታው ግን ወሳኝ ነው፦ ከስዊችማፕ (ለሚመጣው ዳታ አዲስ የውስጥ ስትሪም ከሚከፍተው ኦፐሬተር) በፊት ከተጻፈ የውጪው ስትሪም ይዘጋል፣ ስዊችማፑ የከፈተው የውስጥ ኢንተርቫል ግን መምታቱን ይቀጥላል። ኮዱን ያየ ሰው ሁሉ ተዘግቷል ብሎ ያልፋል፤ አድካሚነቱም እዚህ ላይ ነው። ፓይፑ (የኦፐሬተሮቹ ሰንሰለት) ውስጥ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

ቴክ አንቲል ዲስትሮይድ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከአንጉላር 16 ጋር መጣ። ሳብጀክቱንም ኤንጂ ኦን ዲስትሮይንም (ኮምፖነንቱ ሲጠፋ የሚጠራውን ሜተድ) ያስቀራል። ኮንስትራክተር ውስጥ ወይም ፊልድ ላይ እንዲሁ ይጠራል፤ ኤንጂ ኦን ኢኒት (ኮምፖነንቱ ሲጀምር የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ ግን ዲስትሮይ ሬፍ (ኮምፖነንቱ መጥፋቱን የሚያሳውቅ ኦብጀክት) ካልተሰጠው ኤረር ይጥላል። የቦታው ሕግ እዚህም ያው ነው።

ኤሲንክ ፓይፕ። ዳታው ቴምፕሌት (የኮምፖነንቱ ኤችቲኤምኤል) ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሰብስክራይብ የሚል ቃል ኮዱ ውስጥ ባይኖር ይሻላል። ይህ ፓይፕ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ወጥመዱ አንዱን የኤችቲቲፒ ኦብዘርቨብል (ሰብስክራይብ የሚደረግበት የዳታ ምንጭ) ሁለት ቦታ ሲጽፉት ነው፦ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይላካል። አንዱን መልስ ለሁሉም ሰሚ የሚያጋራው ሼር ሪፕሌይ ይፈታዋል፤ ነገር ግን ረጅም ዕድሜ ባለው ስትሪም ላይ ሬፍ ካውንቱ (ሰሚዎችን የሚቆጥረው ምርጫ) ትሩ ካልተደረገ፣ ሰሚ ሁሉ ከሄደ በኋላም ኢንተርቫሉ ይሠራል። አንዱን ቀዳዳ ስንደፍን ሌላ መክፈት ማለት ነው።

ቱ ሲግናል። ኦብዘርቨብልን ወደ ሲግናል (አንጉላር ለውጡን ወደሚከታተለው ዋጋ) ይቀይራል። እሱም ራሱን ይዘጋል፣ ቴምፕሌቱም ደጋግሞ ቢያነበው አንድ ሰብስክሪፕሽን ብቻ ነው ያለው። እንደተፈጠረ ወዲያው ሰብስክራይብ እንደሚያደርግ፣ መነሻ ዋጋ ካልተሰጠውም እስከ መጀመሪያው ዳታ አንዲፋይንድ እንደሚሆን ይታሰብ።

በአዲስ ፕሮጀክት ለስክሪን ቱ ሲግናልን፣ ሎግ ለመጻፍ ወይም ገጽ ለመቀየር ለሚደረግ ሰብስክራይብ ቴክ አንቲል ዲስትሮይድን እመርጣለሁ። ተራ የኤችቲቲፒ ጥሪ መልስ ሲመጣ ራሱ ስለሚጨርስ ሜሞሪ ያፈሳል ብሎ መጨነቅ የተጋነነ ነው፤ የሚያሳስበው ተጠቃሚው ከወጣ በኋላ ኮልባኩ ተነስቶ ወደ ሌላ ገጽ ቢወስደው ነው።

ለማረጋገጥ ገጹን ደጋግመው ከፍተው ይውጡ፣ ከዚያ በክሮም ሜሞሪ ታብ ሂፕ ስናፕሾት (ሜሞሪ ውስጥ ያሉትን ኦብጀክቶች የሚያሳይ ቅጂ) አንስተው የኮምፖነንቱን ክላስ ስም ይፈልጉ። በዴቨሎፕመንት ቢልድ ያድርጉት፤ ፕሮዳክሽን ላይ ስሞቹ ስለሚያጥሩ አያገኙትም።