እያረጁ የሚጥሙ ክሮች፦ ላቤላ ፍላት ከስምንት ወር በኋላ

የቤዝ ጊታር ክር ሲያረጅ ይሞታል። ይህን ማንም ቤዚስት ያውቀዋል። አዲስ ሲታሰር ጥርት ብሎ ይጮኻል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ላቡና የእጅ ቅባቱ ይገባበትና ይደነዝዛል። ከዚያ እንደገና ወጪ ነው። እኔም ለዓመታት የኖርኩት እንደዚያ ነው። ላቤላ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራቸውን ፍላት ክሮች ካሰርኩ ግን ስምንት ወር አለፈ። አንድ ጊዜም አልቀየርኳቸውም። ዛሬ ከመጀመሪያው ሳምንት ይልቅ ይጥማሉ። ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ ይኸው ነው።

ቤዝ ለማይጫወት ሰው ነገሩን ላስረዳ። የቤዝ ክር ማለት ቀጭን የብረት እምብርት ላይ ሌላ ሽቦ ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ራውንድ የሚባለው ነው። የሚጠቀለልበት ሽቦ ክብ ስለሆነ በጥቅልሉ መካከል ትንንሽ ሸንተረሮች አሉት። ቆሻሻው የሚጠራቀመውም፣ ጣት ሲንሸራተት የሚንጫጫውም በነዚያ ሸንተረሮች ነው። ፍላት ግን በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ገጹ ልሙጥ ነው። ላብ የሚገባበት ቦታ የለም፣ ጣትም ሲሄድበት ድምፅ አያሰማም።

አሁን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ግቡና ፍላት ክር ጠይቁ። ሻጩ ምን እንደሚላችሁ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ እሱ እኮ የድሮ ነው። ድምፁ ድፍን ነው። አሁን ሰው የሚፈልገው ብራይት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው።» ከዚያ የሚያብረቀርቅ ራውንድ ክር ያወጣላችኋል። እሺ፣ ላድምጥህ። ግን አንተ ድፍን በምትለው ድምፅ ላይ ነው እኮ ሶል ሙዚቃ በሙሉ የቆመው። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ለገበያ ሲያወጣ የታሰረለት ፍላት ክር ነበር። ዛሬ የለመድነው ራውንድ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው፤ ሮቶሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከዘ ሁው ባንድ ቤዚስት ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ ሲያሻሽለው። ኤንትዊስል ከፍ ባለ ድምፅ ከጊታሩ ጋር የሚፎካከር ቤዝ ፈለገ፣ አገኘም። ለሮክ ግሩም ነው። እኔ ግን ሮክ አልጫወትም።

እኔ የምወደው የዲትሮይቱን ቤዝ ነው። ጄምስ ጄመርሰን በዲትሮይቱ የሸክላ ኩባንያ በሞታውን ስቱዲዮ በ1962 በተሠራው ፕሪሲዥኑ ሲጫወት ያሰረው ወፋፍራም የላቤላ ፍላት ነበር። ክር የሚቀይረው ሲበጠስ ብቻ ነበር ይባላል። በቀኝ እጁ የሚመታው በአንዲት ጠቋሚ ጣት ነው። በሞታውን ዘመን ስሙ በሸክላ ሽፋን ላይ አይጻፍም ነበር። ዓለም ግን በሱ ቤዝ ይጨፍር ነበር። ማርቪን ጌይ በ1971 ባወጣው አልበሙ ስሙን አሳትሞለታል። ያ ቤዝ ጄመርሰን በ1983 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በሜምፊስ ደግሞ ዶናልድ «ዳክ» ደን በስታክስ ስቱዲዮ የቀዳቸው ዘፈኖች አሉ። እሱም የፍላት ሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሰምቶ «ድፍን ነው» የሚል ሻጭ ካለ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።

እኔ ያሰርኩት 0760ኤም የሚባለውን፣ ለጄመርሰን መታሰቢያ የሚሸጡትን ወፍራሙን ነው። ቀጭኑ ክር .052 ኢንች፣ ወፍራሙ .110 ነው። እዚህ አዲስ አበባ ስላላገኘሁት በሰው ነው ያስመጣሁት። የታሰረበትም ፕሪሲዥን ቤዝ ነው፤ የክሩን ድምፅ የሚቀበል አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ቮሊዩም፣ አንድ ቶን፣ አለቀ።

የመጀመሪያው ሳምንት አልወደድኳቸውም። አዲስ ፍላት የብረት ቃና አለው። ጠንካራም ናቸው፤ ግራ እጄ እስኪለምድ ትንሿ ጣቴ ታምም ነበር። ከሁለተኛው ወር ወዲህ ግን የብረት ቃናው እየሟሸሸ ሄደ። የቀረው መሠረቱ ነው። አሁን አንዱን ኖት ስመታ መጀመሪያ «ዱም» የምትል ክብ ድምፅ ትወጣለች፣ ትሞላለች፣ ከዚያ ቶሎ ቦታዋን ትለቃለች። ያቺ ቶሎ መልቀቋ ናት ልቤን የወሰደችው። ራውንድ ክር ኖቱን ከመታህ በኋላም ይዘረጋል፣ ከኪቦርዱና ከጊታሩ ጋር ይጋፋል። ፍላቱ ተናግሮ ዝም ይላል።

ይህ ለኛ ዘፈን ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ችክችካ ስንጫወት ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው። የቤዙ ኖት ከረዘመ የድራመሩ እግር ላይ ይወጣና ጭፈራው ይከብዳል። በነዚህ ክሮች ግን ኖቴና ከበሮው አንድ ላይ ያርፋሉ። ጉራጊኛ ሲመጣማ ይበልጥ ይታወቃል። በዚያ ፍጥነት እያንዳንዷ ኖት ለብቻዋ ትሰማለች፣ አንዷ ከሌላዋ አትጣበቅም። የማሕሙድ አህመድን እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን ሥራዎች ስንጫወት ደግሞ ደስታዬ ወሰን የለውም። ያኔ ከአይቤክስ፣ ኋላም ከሮሃ ባንድ ጋር ቤዝ የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው። ያንኑ ሐረግ ደጋግሞ፣ ሳይቸኩል፣ ዘፋኙን ተሸክሞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቤዝ ዙሪያውን የሚሞላ እንጂ የሚያብረቀርቅ ክር አይፈልግም።

ትዝታ ላይ ሌላ ነገር አገኘሁ። በትዝታ ከኖት ወደ ኖት ጣቴን አንሸራትቼ መድረስ እወዳለሁ፤ መሲንቆ እንደሚያደርገው። በራውንድ ክር ይህን ባደረግሁ ቁጥር ጣቴ ክሩ ላይ ሲፋቅ «ጭርር» የሚል ድምፅ ይወጣና ለስለስ ያለው ቦታ ላይ ዘፋኟን ይረብሻታል። አሁን ከሦስተኛው ፍሬት ወደ አሥረኛው ብሄድ የሚሰማው ቃናው ብቻ ነው። አንድ ምሽት የባንዳችን ዘፋኝ፣ እህት ዓለም፣ ከመድረክ ስንወርድ «ዛሬ ቤዙ ይዘፍን ነበር፣ ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ። ከዘፋኝ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ለቤዚስት አይደርሰውም። የምንጫወትበት ሆቴል ድምፅ የሚቆጣጠረው ልጅም እንደ ድሮው በየዘፈኑ መሀል ሚክሰሩ ላይ ቤዜን ሲቀንስ ሲጨምር አያመሽም። አንዴ ያስተካክለዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነው።

ስፖንጁን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። የድሮዎቹ ፌንደር ቤዞች ክሩ የሚያርፍበት ድልድይ ላይ የብረት ክዳን ነበራቸው። ከክዳኑ ሥር ክሩን የሚጫን ስፖንጅ አለ። ጄመርሰን ክዳኑንም ስፖንጁንም አላወለቀም። የኔ ቤዝ ክዳን የለውም። ስለዚህ ከአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ቆርጬ ከክሮቹ ሥር፣ ድልድዩ አጠገብ ሸጎጥኳት። አጥብቃችሁ ከሸጎጣችኋት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ክሩን ነካ ብቻ ስታደርገው ግን ኖቱ አጭር፣ ወፍራምና ሙቅ ይሆናል። ምንም ሳትከፍሉ የምታገኙት የስድሳዎቹ ድምፅ ነው። ራውንድ ክር ላይም ሞክሬዋለሁ፤ እንዲህ አይሆንም።

ችግር የለውም አልልም። እነዚህ ክሮች አጥብቀው ይጎትታሉ። አንገቱ ወደፊት ጎበጥ ስላለብኝ ውስጡ ያለውን ብረት ማጥበቅ ነበረብኝ። ወፍራሙ ክር አንገቱ ጫፍ ላይ በሚያርፍበት ቦይ ውስጥ አልገባ ብሎ ቦዩን በጥሩ ሞረድ በጥንቃቄ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ይህን ራሳችሁ የማታውቁት ከሆነ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት። ስላፕ ለሚጫወት ደግሞ አይሆንም። አውራ ጣት ሲመታው የሚጠበቀው ያ የብረት ፍንጣቂ የለም።

ሌላው ስልክ ነው። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር ያን ማውጣት አይችልም። ራውንድ ክር ላይ ያሉት ቀጫጭን ቃናዎች በስልክም ቢሆን ቤዝ እንዳለ ይጠቁማሉ፤ ፍላት ላይ እነሱ ጥቂት ናቸው። እና ልምምዳችንን ቀርጸን ቴሌግራም ላይ ስንላላክ ቤዙ የት ሄደ የሚለኝ አይጠፋም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ስሙት እላለሁ። ሰው በስልክ ስለሚሰማ የቤዝን መሠረት ማቅጠን አለብኝ ብዬ አላምንም።

ሻጩ አሁንም አልተረታም። «ዋጋውስ?» ይለኛል። አዎ፣ ከተራ ራውንድ ክር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ግን አንተ የምትሸጥልኝን ክር ሳምንታዊ ሥራ ያለው ሰው በሁለት ወር ይቀይረዋል። እኔ በስምንት ወር የከፈልኩት አንዴ ነው። አንድም ክር አልዛገም፣ አልተበጠሰም። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ፣ በቃ። ደግሞም ገንዘቡን እንተወው፤ ቤዜን ከግድግዳ አውርጄ የምይዝበት ሰዓት ጨምሯል። ሥራ በሌለኝ ቀን እንኳ ሳላስበው አንስቼው ትዝታ ሜጀርን ከላይ ታች ስመላለስበት ይመሻል። ክር እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ለማን ልምከር? ሶል፣ የድሮ የአማርኛ ዘፈን፣ ሬጌ፣ መዝሙር ለሚጫወት ያለምንም ማመንታት። ጣታችሁ ገና ካልጠነከረ ግን በ0760ኤም አትጀምሩ። ያው ኩባንያ 760ኤፍኤስ የሚል ቀለል ያለ ስብስብ አለው፤ ከ.045 እስከ .105 ነው፣ እጅን አያስጨንቅም። እኔም ሁለተኛው ቤዜ ላይ ያለውን ራውንድ አውልቄ እሱን ላስርበት ወስኛለሁ። ለገና የሚመጣ ዘመድ አለኝና ትእዛዙን ከወዲሁ ልኬለታለሁ።