የ6ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ የደሴ ወላጆች፤ ለመምህራችን ምስጋና

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የ6ኛ ክፍል ልጆችን ለክልላዊ ፈተና የሚያዘጋጁልንን መምህር በአደባባይ ማመስገን ፈለግን። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን ትተነዋል፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ብዙ ቦታ ማስጠናት ማለት የድሮ ፈተና አባዝቶ ማደል ነው። ልጁ «የ14ኛው መልስ ሐ ነው» ብሎ ይይዛል፤ ቁጥሩ ሲቀየርበት ባዶ ይሆናል። እሳቸው ጋ ግን አንድ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ቢወስድም አይቸኩሉም። ይቺን እንይ፦ «አንዲት ነጋዴ ከሐይቅ ካመጣችው 24 እንቁላል 3/8ኛው ተሰበረባት። ስንት ተረፋት? ሀ. 8 ለ. 9 ሐ. 15 መ. 21»። መጀመሪያ ምርጫዎቹ በወረቀት ይሸፈናሉ። ልጁ ጥያቄውን በራሱ አባባል ይናገራል፤ «ተረፋት» የሚለው ላይ ያሰምራል፤ ከዚያ ይገምታል። 3/8 ከግማሽ ስለሚያንስ የተረፈው ከ12 መብለጥ አለበት፤ ስለዚህ ሀ እና ለ ገና ሳይሰላ ወደቁ። ሰርቶ 15 ካገኘ በኋላም አልጨረሰም፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደተቀመጡ ማስረዳት አለበት። 9 የተሰበረው ነው፤ እሱን አግኝቶ ሥራው ያለቀ የመሰለው ልጅ ይወስደዋል። 21 ላዕሉን 3 ከ24 የቀነሰ ልጅ መልስ ነው፤ 8 ደግሞ ታህቱ ራሱ ነው። ወጥመዱን እንዲህ የፈታ ልጅ ሌላ ቦታ ሲያየው ያውቀዋል።

ላጲስ ክልክል ነው። ስህተት ከጠፋ ሐሳቡ የት እንደሳተ አይታይም፤ አንድ መስመር ብቻ ይሰረዝበታል። ልጁ ሲያፍር «አብሽር፣ እንዴት ብለህ አሰብከው?» ይሉታል። ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን ልጁ ራሱ «አላወቅኩም»፣ «በደንብ አላነበብኩም» ወይም «ስሌት ሳትኩ» ብሎ ይጽፋል። እኛ ወላጆች ይሄን ደብተር ማየት አለብን፤ «አላነበብኩም» ለበዛበት ልጅ ተጨማሪ ወርክሺት መግዛት ምንም አይፈይድለትም።

አማርኛ ላይ «የማይሆነው የቱ ነው?» ሲመጣ «የማይ» የምትለዋን ልጆቹ ይከብባሉ። የመልስ ወረቀት ማጥቆርም ይለማመዳሉ፤ አንድ ጥያቄ ዘሎ ቦታውን የዘነጋ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለሚዛነፍበት በየ5 ጥያቄው ተራ ቁጥሩን ያመሳክራል።

መምህር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ በዱዓም በጸሎትም አንረሳዎትም።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን አይቀበሉም፣ ልክም ናቸው፤ ይሄ ልማድ ወራት ይፈልጋል። እንግሊዝኛ አያስጠኑም፤ ሒሳብና አማርኛ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ከስድስት ልጅ በላይ ስለማይይዙ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ልጁ ባለ 50 ሉክ ደብተርና ሁለት እርሳስ ይያዝ።