ለጅማው የክብደት ማንሳት አሰልጣኛችን ምስጋና፣ ጊዜ ላጠራችሁ ወላጆችም ጥቆማ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የክብደት ማንሻ ጂም ያላቸውን አሰልጣኛችንን በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም። ሰልጣኙ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ልጅ አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ጊዜ የለኝም ለሚል የጅማ ሰው ሁሉ እሳቸውን እጠቁማለሁ።

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው ቡና መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሂሳብ ክፍል። ቡናው ሲደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት ወራት፣ ፋታ የላቸውም። አሁን 37 ዓመቴ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ጂም ሄጄ ክብደት ማንሳት መማር እፈልጋለሁ ስል «ለእናት ኤሮቢክስ ይሻላል» ብለው ነበር የመለሱኝ። ጋሼ እንደዚያ አላሉኝም። «የምትተኚው ስንት ሰዓት ነው? ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ማን ነው? ሥራ የሚበዛብሽስ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ፕሮግራሜን ያወጡት ከዚያ ተነስተው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል። 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ገብቼ የልጆቹን ምሳ እቋጥራለሁ። የቡና ሰሞን ደግሞ ሳልጠይቃቸው ወደ ሁለት ቀን ዝቅ ያደርጉልኛል።

ይህ ስፖርት ጉልበት ብቻ የሚፈልግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚወዳደሩበት ሁለት ዓይነት አነሳስ ነው። ስናች ባሩን (ኪሎ የሚሰካበትን ረጅም ብረት) ከመሬት በአንድ ትንፋሽ ከራስ በላይ ማድረስ ነው። ክሊን ኤንድ ጀርክ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል። ጋሼ ለብዙ ሳምንታት ብረት አላስነኩኝም። የመጥረጊያ እንጨት ነው የሰጡኝ። እግሬ የሚቆምበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩልኝ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ያያሉ። «በእጅሽ አትጎትቺ፣ መሬቱን በእግርሽ ግፊው።» «ከገላሽ አታርቂው።» አንድ ቃል መቶ ጊዜ ቢደግሙ ድምፃቸው አይለወጥም። አውራ ጣትን ባሩ ላይ አጥፎ በሌሎቹ ጣቶች የመጫን አያያዝ አለ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ያማል። ጣቴን በፕላስተር እየጠቀለሉ «ይለምዳል፣ አይዞሽ» ይሉኝ ነበር። እውነትም ለመደ።

ባሩንም ላንሳ። የወንዶች የውድድር ባር 20 ኪሎ ነው፣ የሴቶቹ 15። የሴቶቹ ቀጠን ይላል፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ የወንዶቹ 28። ወሬው ቀላል ይመስላል፣ ለትንሽ እጅ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጋሼ ለእኛ ለሴቶቹ ብለው የ15 ኪሎውን ባር ከአዲስ አበባ አስመጥተዋል፣ ያን ሁለት ሜትር ብረት አውቶቡስ ላይ አስጭነው። ያን ጊዜ ሴት ሰልጣኞቹ በጣት የምንቆጠር ነበርን። መድረኩን ደግሞ ራሳቸው ከጣውላና ከአሮጌ ጎማ ሠርተውታል። ልኩ እንደ ውድድር መድረክ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስላስቆሙኝ ነው። አንድ ሌሊት ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟት ሳንተኛ አደርን። ሲነጋ ትኩሳቱ በረደላት፣ እኔም ጂም ሄድኩ። ምንም አልተናገርኩም። ጋሼ የመጀመሪያውን አነሳሴን አዩና መጥተው ኪሎዎቹን ከባሩ ላይ አንድ በአንድ አወረዱ። «ልጅሽ እንዴት አደረች?» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። «እንቅልፍ ያላገኘ ወገብ ከባድ አይችልም። በባዶው ባር ትንሽ ተንቀሳቀሺና ቤትሽ ግቢ።» የወር ክፍያ የሚቀበል ሰው ሰልጣኙን ቤትሽ ግቢ ሲል ሌላ ቦታ አላየሁም።

በቅርቡ እዚያው ጂም ውስጥ በደንቡ መሠረት ውድድር አዘጋጁልን። ለእያንዳንዱ አነሳስ ሦስት ሙከራ፣ ስም ከተጠራ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ዳኛ። ዳኞች የሚፈርዱበት መብራት ስለሌለን ለተሳካው ነጭ፣ ላልተሳካው ቀይ ጨርቅ ያነሱ ነበር። በአንደኛው ጀርክ ክርኔ ትንሽ ታጠፈና ተመልሶ ተዘረጋ። በደንቡ ይህ አይቆጠርም። ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ጋሼ ቀዩን ጨርቅ ከሁሉም ቀድመው አነሱ። ደስ ያለኝ ያኔ ነው። ቀጥሎ ያንኑ 42 ኪሎ ክርኔን ቀጥ አድርጌ ስይዘው ነጩን ያነሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸውና፣ ያ ነጭ ጨርቅ ይሉኝታ እንዳልሆነ አወቅሁ። ባለቤቴና ልጆቼ ጎማ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር።

ዕድሜዬ ሄዷል የምትሉ ካላችሁ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ማስተርስ የሚባል፣ ዕድሜያቸው ገፋ ላለ ስፖርተኞች የሚዘጋጅ ውድድር አለ፣ ተወዳዳሪው በየአምስት ዓመቱ በዕድሜው ይመደባል። ሂጃብ የምትለብሱ እህቶችም አትጨነቁ፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ገላን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ልብስ መወዳደርን ፈቅዷል። እኛም ዘንድ እንደዚያ ለብሰው የሚሠሩ አሉ። በረመዳን ጋሼ ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ ያደርጉታል፣ በዐቢይ ጾምም ለጿሚው ቀለል ያደርጉለታል።

ጠዋት ጠዋት ልጆቼን የሚያዩልኝን ጎረቤታችንን እማማንም እግዜር ይስጥልኝ። ያለ እሳቸው አንድም ቀን አይሆንልኝም ነበር።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ጉልበትዎን አይንሳብን።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ መታጠቢያ የለውም፣ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያው አያስደነግጥም። ሶሉ የማይሰምጥ ጠንካራ ጫማ አድርጉ፣ የሩጫ ጫማ ለዚህ አይሆንም። ልጅ የሚይዝላችሁ ካጣችሁም ይዛችሁት መምጣት ትችላላችሁ፣ ጥግ ላይ ወንበር አለ፣ ከመድረኩ ግን አያስጠጉትም። ጠዋት የማይመቸው ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ይግባ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።