ቀላል የካርቦን ቸርኬ ስትገዙ፦ ሺማኖ፣ ሮቫል፣ ዚፕ ወይስ የቻይናው?

የኮርስ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ደህና ገንዘብ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያምረው ቸርኬ ነው። አይፈረድበትም። መካከለኛ ዋጋ ካለው ብስክሌት ጋር የሚመጣው የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ ጥንዱ ብዙ ጊዜ 1,800 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ጥሩ የካርቦን ቸርኬ 1,300 ወይም 1,400 ላይ ይወርዳል። በእጅ ሲያነሱት ልዩነቱ ያስደንቃል።

ታዲያ ስንገዛ ሁላችንም ግራም ቆጣሪ እንሆናለን። እኔ ግን ግራሙ መጨረሻ ላይ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቸርኬው ምን ዓይነት ጎማ እንደሚቀበል፣ ስፖኩ ሲሰበርም ባላችሁበት ከተማ ማን እንደሚጠግነው ነው። አዲስ አበባ ወይም መቀሌ ሆናችሁ በሰው ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ነጂው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 8 ኪሎ፣ ውሃና ልብስ 2 ኪሎ ይሁን፤ በድምሩ 80 ኪሎ። ከዚህ ላይ 300 ግራም ብትቀንሱ ከጠቅላላው 0.4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት 7 ሰከንድ ገደማ ታተርፋላችሁ። ለተወዳዳሪ 7 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ግን አንድ የውሃ ኮዳ ቤቱ ቢተው ከዚያ የበለጠ ያገኛል። «የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል» ሲባልም ትሰማላችሁ። እውነትነት አለው፤ ግን ፍጥነት በምትጨምሩበት ቅጽበት ብቻ ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ዳገት ስትወጡ ግራም ያው ግራም ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ። የምናወራው ሁሉ ስለ ዲስክ ፍሬን ቸርኬ ነው።

ከሺማኖ ሁለት አሉ፤ ዱራ ኤስ ሲ36 እና አልቴግራ ሲ36። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ ናቸው። የቀለበታቸው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ዙሪያ፣ ጥልቀት 36 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋታቸው 21 ሚሊ ሜትር ነው። ዱራ ኤሱ 1,350 ግራም፣ አልቴግራው 1,488 ግራም ይመዝናል። ለዚህች ልዩነት ብሎ በጣም ውዱን የሚገዛ ብዙ ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፦ የዱራ ኤሱ ሞዞ (የቸርኬው መሃል) የሚቀበለው ባለ 12 የኋላ ማርሽ ብቻ ነው። ብስክሌታችሁ ባለ 11 ከሆነ ማርሻችሁ አይገባም። አልቴግራው ሁለቱንም ይቀበላል። ደግሞ ሺማኖ እስካሁን ሞዞው ውስጥ ታሽጎ የሚመጣ ኩሽኔታ አይጠቀምም፤ በግሪስ የሚሠሩ ልቅ የብረት ኳሶች ናቸው ያሉት። አውሮፓ ውስጥ ይህን «ያረጀ አሠራር» የሚሉ አሉ። ለእኛ ግን ጥቅም ነው። የድሮ ብስክሌት ሞዞ ሲፈታና ሲያጥብ የኖረ መካኒክ ይህንንም ይፈታዋል።

ሮቫል የአሜሪካው ብስክሌት አምራች የስፔሻላይዝድ ቸርኬ ነው። አልፒኒስት ሲኤልኤክስ 2 የሚባለው 1,265 ግራም ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ 33፣ የውስጥ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር። የሞዞው የውስጥ ዕቃ የስዊዘርላንዱ ዲቲ ስዊስ ሥራ ነው፤ ስፖኩም የዚያው ኩባንያ የብረት ስፖክ ነው። እንደ ዕቃ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ዋጋው ግን ከ2,500 ዶላር በላይ ነው የወጣው። ከአልቴግራው በ223 ግራም ያንሳል፤ በላይኛው ሂሳብ ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት 5 ሰከንድ መሆኑ ነው። ያገለገለ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የመጀመሪያው አልፒኒስት ለቱብለስ አልተፈቀደም፤ ከካላማዳሪያ ጋር ብቻ የሚነዳ ነው። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

የዚፕ 303 ፋየርክረስት 1,352 ግራም፣ ጥልቀቱ 40፣ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ታናሹ 303 ኤስ 1,540 ግራም፣ ጥልቀቱ 45፣ የውስጥ ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ሰፊ ቀለበት ላይ ሰፊ ጎማ አድርጎ፣ በዝቅተኛ አየር የተቆፋፈረ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ መንዳት ምቾቱ ሌላ ነው። በዚህ በኩል ሺማኖም ሮቫልም አይደርሱበትም።

ግን ሁለቱም ዚፖች ሁክለስ ናቸው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። በተለመደው ቸርኬ የቀለበቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ አለው፤ ጎማውን ነክሶ ይይዘዋል። ሁክለስ ላይ ያ መንጠቆ የለም፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ለፋብሪካው ርካሽና ቀላል ነው። ለነጂው ደግሞ ሦስት ግዴታ ያመጣል። የአየሩ መጠን ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72.5 ፒኤስአይ ማለፍ የለበትም። የጎማው ስፋት ለ23 ሚሊ ሜትር ቀለበት ቢያንስ 28፣ ለ25ቱ ደግሞ ቢያንስ 29 መሆን አለበት። ጎማው ራሱም ለሁክለስ የተፈቀደ መሆን አለበት። ለምሳሌ የኮንቲኔንታል ጂፒ5000 ኤስ ቲአር ይፈቀዳል፤ በካላማዳሪያ የሚሠራው ተራው ጂፒ5000 ግን አይፈቀድም። ስማቸው ስለሚመሳሰል በቀላሉ ያሳስታል። ካላማዳሪያ ብታስገቡም ይህ ሕግ አይቀየርም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በኤሚሬትስ ዙር ውድድር ላይ ቤልጂየማዊው ነጂ ቶማስ ደ ጌንት፣ ሁክለስ ቸርኬው ላይ የነበረው ጎማ ተላቆበት ከብስክሌቱ ወደቀ። ምክንያቱ ብዙ አከራከረ። የነጂዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት አዳም ሃንሰን ግን ሁክለስ ከውድድር መውጣት አለበት ብለው በይፋ ተናገሩ። እኔ «አትግዙ» አልልም። አገር ቤት ካላችሁ ግን አስቡበት፦ ትክክለኛው ጎማ ሲቀደድ ተተኪውን ከየት ታመጣላችሁ? ሰፈር ያለው ጎሚስታስ ኮምፕሬሰሩን ይዞ 72 ላይ ያቆምላችኋል? ሁክለስ የሚገዛ ሰው የራሱን መለኪያ ያለው ፓምፕ ቤቱ ያስቀምጥ። ከባድ ሰውነት ያላችሁና ጎማችሁን ጠንከር አድርጋችሁ መንፋት የለመዳችሁ ደግሞ መንጠቆ ያለውን ውሰዱ፤ ጭቅጭቅ የለውም።

የቻይናዎቹስ? ዛሬ «የቻይና ዕቃ» ብሎ ማለፍ ያስቀራል። የዊንስፔስ ሉን ሃይፐር ቸርኬዎች ስፖካቸው ሳይቀር ካርቦን ነው፤ ከትልልቆቹ ስሞች ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ እኩል ቀላል ቸርኬ ይሰጣሉ። ይጠነክራሉ፣ ዓይንም ይስባሉ። ሥጋቴ ስፖኩ ላይ ነው። የብረት ስፖክ ሲጎዳ አስቀድሞ ይጣመማል፣ መካኒክ ቤትም ሌላ ሊፈለግለት ይችላል። የካርቦኑ ግን ሲመታ ይሰበራል፣ ምትኩም ከአምራቹ ብቻ ነው የሚመጣው። ዋሽንግተን ላለ ሰው የሳምንት መዘግየት ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ክረምቱን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስም የሌለው፣ ከገበያ ድረ ገጽ የሚሸጥ የ300 ዶላር ካርቦን ግን ከነአካቴው ተዉት።

ብስክሌታችሁ የሪም ፍሬን ከሆነ፣ ማለትም ላስቲኩ ቀለበቱን ይዞ የሚያቆም ከሆነ፣ አሉሚኒየማችሁ ላይ ቆዩ። ካርቦን ሙቀትን እንደ ብረት አያሰራጭም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ ቀለበቱን ሊያበላሸው ይችላል፤ ዝናብ ካለ ደግሞ የማቆም ኃይሉ ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደው ቁልቁለት ይህን የሚሞክሩበት ቦታ አይደለም።

ጥልቀትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ጥልቅ ቀለበት የሚጠቅመው አየር ስለሚቆርጥ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ጥቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። ዳገቱ ሲጨመርበት ከ33 እስከ 40 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ዱባይ ሆናችሁ አል ቁድራ የብስክሌት መንገድ ላይ የምትነዱ ግን ይህን እርሱት። እዚያ ሜዳ ነው፣ አየሩም ወፍራም ነው፤ ሲ36ን ትታችሁ ሲ50ን ውሰዱ። 5 ሰከንድ ለማትረፍ አልፒኒስት መግዛት እዚያ ትርጉም የለውም።

እኔ አገር ቤት ላለ ወዳጄ የምገዛው አልቴግራ ሲ36ን ነው። ከሁሉም ቀላሉ አይደለም፤ ግን መንጠቆ አለው፣ ባለ 11ም ባለ 12ም ማርሽ ይይዛል፣ እዚያውም ይጠገናል። የቀረው ገንዘብ ጥሩ ጎማና የቲፒዩ (የስስ ፕላስቲክ) ካላማዳሪያ ይግዛ። የተለመደው ላስቲክ ካላማዳሪያ 100 ግራም ገደማ ነው፤ ቲፒዩው 35 ወይም 40 ግራም። ሁለቱን ስትቀይሩ ከ120 ግራም በላይ ትቀንሳላችሁ፣ ያውም ከዳር፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ክብደት በጣም በሚሰማበት ቦታ። ከአልቴግራ ወደ ዱራ ኤስ ለመሄድ የምትከፍሉበት 138 ግራም ነበር።

የትኛውንም ብትገዙ ትዕዛዙ ላይ ትርፍ ስፖክ ጨምሩ፤ የፊቱን፣ የኋላ ግራውንና የኋላ ቀኙን፣ ከነመያዣ ፍሬያቸው፣ ሁለት ሁለት። ርዝመታቸው ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። የስፖክ መፍቻውም ከዚያው ካርቶን ውስጥ ይምጣ።